የፎቶግራፍ ጨዋታና የሐሰት ምስክርነት

ባለፈው ወር ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ቆሜ ሳለሁ፥ አንዲት እናት ቀረብ ብለው «የኔታ፥ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አሉኝ። ልጃቸው ማታ ማታ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ የበሬን ፎቶግራፍ ከመስክ ላይ ቈርጦ በጨረቃ ላይ ያቆማል፤ የአያቱን ጀበና ወስዶ የባቡር ጭስ መውጫ ያደርጋል፤ ከዚያም ሥራውን ከጓደኞቹ ሥራ ጋር እያስተያየ ማን እንደ በለጠ ይወዳደራሉ። «ሲስቅ ሳየው ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ ማሳየት ሐሰት አይደለም ወይ? ኀጢአት እንዳይሆንበት ሠጋሁ» አሉ። በችኰላ መልስ መስጠት አልወደድሁም። ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ ሳይሆን ስልክና ኮምፒዩተር የገባበት ቤት ሁሉ ጥያቄ ስለ ሆነ፥ መልሱን በዚህ ዓምድ እንደማቀርብ ቃል ገባሁላቸው።

ውድ አንባብያን፥ በመጀመሪያ ጨዋታው ምን እንደ ሆነ እንመልከት። አንድ ፎቶግራፍ ለሁሉ ይቀርባል፤ በወንበር ላይ የተኛ ድመት ነው እንበል። ከዚያም እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ያንኑ ድመት ወስዶ እንደ ልቡ ዐሳብ በሌላ ስፍራ ያስቀምጠዋል፤ አንዱ በንጉሥ ዙፋን ላይ፥ ሁለተኛው በደመና ላይ፥ ሦስተኛው በሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ። ተመልካቾቹ ሁሉ የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ አስቀድመው አይተውታልና ማንም አይታለልም፤ የሚደነቀው የሠሪው ብልሃት ነው። ለዚህ ጨዋታ በር የከፈተው ፎቶሾፕ የሚባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሲሆን፥ የጀመሩት ቶማስ ኖልና ጆን ኖል የተባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች ናቸው፤ ለገበያ የወጣውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ያለ ዋጋ የሚገኘው ጂምፕ የተባለው ፕሮግራም በ1996 ተከተለ። በ2002 ደግሞ ዎርዝ1000 የተባለ የውድድር ስፍራ በኢንተርኔት ተከፈተ፤ ስሙም አንድ ሥዕል የሺሕ ቃል ዋጋ አለው ከሚለው አባባል የተወሰደ ነው። ይህ ስፍራ በ2013 ቢዘጋም፥ ጨዋታው ግን በሌሎች ስፍራዎች እስከ ዛሬ ቀጥሏል።

ሥራው ቀላል እንዳይመስለን። በሬውን በጨረቃ ላይ ለማቆም የሚፈልግ ልጅ አስቀድሞ ፀሐይ በበሬው ላይ ከየት በኩል እንዳረፈች ማስተዋል አለበት፤ ብርሃኑ ከግራ የመጣ እንደ ሆነ በጨረቃውም ላይ ጥላው ወደ ቀኝ ሊወድቅ ይገባል። የቀንዱን ጠርዝ ፀጉር በፀጉር ይከተላል፤ የበሬውን መጠን ከዙሪያው ካለው ነገር ጋር ያመዛዝናል፤ የሁለቱን ፎቶግራፎች ቀለም ያስማማል። ይህንንም የሚሠራው አንዱን ክፍል በሌላው ላይ እንደ ጥሩ መስታወት እየደራረበ ነው፤ ሥርዐቱን የሚያውቅ ሠራተኛ ከሥር ያለውን የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ አይነካውም፤ የጨመረውን በገለጠ ጊዜ የቀድሞው እንደ ነበረ ይገኛል። በዚህ ዐይነት የሠለጠነ ልጅ ሌላም ጥቅም ያገኛል። ጥላን መሥራት የተማረ ዐይን የተሳሳተ ጥላን ለይቶ ያያልና፥ በሐሰት የተሠራ ፎቶግራፍ ሲቀርብለት በቀላሉ አይታለልም።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ላደግን ሰዎች ይህ ነገር ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት መምህሩ መንገዱን ያሳያል፤ ከዚያ በኋላ ተማሪው ሁሉ ብቻውን ተቀምጦ፥ ገና ጀማሪ ከሆነ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና፥ ከፍ ካለም ረዘም ያለውን ይቈጥራል። የሌላውን ቅኔ ደግሞ ማቅረብ አይቻልም፤ አዲስ መሆን አለበት። ማታ በመምህሩ ፊት ሲቀርብ የሰሙና የወርቁ መገጣጠም ይመረመራል፤ ጓደኛም ለጓደኛ ያደንቃል። በሰሙ በሬ የተባለው በወርቁ ሌላ ነገር ሲሆን ማንም ባለቅኔውን ዋሸ አይለውም፤ ሰሚው ሁሉ ቅኔ መሆኑን ያውቃልና። የመጻሕፍት ትርጓሜም እንዲሁ ነው፤ መምህሩ ንባቡን አስቀድሞ ያሰማል፤ ከዚያ «አንድም» እያለ ምስጢሩን ያሰፋል። ትርጓሜው የቱንም ያህል ቢበዛ ንባቡ በስፍራው ይኖራል። በቀደሙት ሠዓሊዎቻችን ልማድም ደጋጎቹ ሁለት ዐይናቸው እየታየ በፊት ለፊት፥ ክፉዎቹ ግን በአንድ ዐይን በጎን ይሣላሉ። በዚህ ምክንያት በክርስቶስ ሥቃይ የተባበሩት ወታደሮች አንድ ዐይና ነበሩ ብሎ የሚከራከር ምእመን የለም። ልማዱ የታወቀ ነውና ሥዕሉ ያስተምራል እንጂ አያታልልም።

ፎቶግራፍን መቀጣጠልም ከኮምፒዩተር ጋር የተወለደ አይደለም። በ1857 በእንግሊዝ አገር ኦስካር ሬይላንደር የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ «ሁለቱ የሕይወት መንገዶች» የተባለ ትልቅ ሥራ በማንቸስተር ከተማ ለትዕይንት አቀረበ። አንድ አረጋዊ ሁለት ጎልማሶችን ወደ ዓለም ሲያወጣ፥ አንዱ ወደ ሥራና ወደ ጸሎት፥ ሌላው ወደ ስካርና ወደ ዝሙት ሲያዘነብል ያሳያል። ይህ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ቀን በአንድ ስፍራ ቆሞ አያውቅም፤ ሬይላንደር ከ30 በላይ ኔጋቲቮችን ለየብቻ አንሥቶ በአንድ ወረቀት ላይ አገጣጠማቸው። በሚቀጥለው ዓመትም በለንደን በፎቶግራፍ ማኅበር ጉባኤ ፊት አሠራሩን አንድ በአንድ አስረዳ። ንግሥት ቪክቶሪያ ከሥራው አንድ ቅጂ ገዝታ ለባሏ ሰጠች። የተገጣጠመ መሆኑን ማወቋ ሥራውን አላስናቃትም። ሠሪው አልደበቀምና የነቀፉትም ያደነቁትም በእውነት ላይ ቆመው ነቀፉት፥ አደነቁት።

ከዚህ ጋር የሚቃረን ሌላ ታሪክ ላምጣ፤ ይህንንም ወላጆች በጥሞና እንዲያነቡት እለምናለሁ። በ1917 በዚያው በእንግሊዝ አገር፥ በብራድፎርድ ከተማ አጠገብ ባለች ኮቲንግሊ በምትባል መንደር፥ ኤልሲ ራይት የተባለች የ16 ዓመት ልጅና ፍራንሲስ ግሪፊትስ የተባለች የ9 ዓመት የአክስቷ ልጅ በአንድ ቤት ይኖሩ ነበር። ከቤቱ በስተኋላ በምትወርደው ወንዝ ሲጫወቱ ልብሳቸው እየራሰ ስለ ተቈጡባቸው፥ ወደዚያ የምንሄደው ፌሪዎችን ለማየት ነው አሉ። ፌሪ የሚባሉት በእንግሊዞች ተረት የሚነገርላቸው፥ ክንፍ ያላቸው ትንንሽ ፍጡራን ናቸው። ቤተሰቡ ሳቀባቸው። ኤልሲ ሥዕል ታውቅ ነበርና ከአንድ የልጆች መጽሐፍ እያየች ባለክንፍ ሴቶችን በወፍራም ወረቀት ሣለች፤ ቈርጣም በባርኔጣ መርፌ በሣሩ ላይ አቆመቻቸው፤ የአባቷንም ካሜራ ተውሳ ፍራንሲስን ከእነርሱ ጋር ፎቶግራፍ አነሣቻት። አባትየው በቤቱ ጨለማ ክፍል ፎቶግራፉን ባጠበ ጊዜ ልጁ ሥዕል እንደምትችል ያውቃልና አላመነም፤ ሁለተኛም ባነሡ ጊዜ ካሜራውን ከለከላቸው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የልጆች ጨዋታ ነበረ።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ግን የኤልሲ እናት ፎቶግራፎቹን በብራድፎርድ ወደሚደረግ የረቂቃን ነገሮች ስብሰባ ወሰደቻቸው። ከዚያ ከእጅ ወደ እጅ አልፈው፥ ሼርሎክ ሆልምስ የተባለውን መርማሪ በድርሰቱ የፈጠረው ታላቁ ጸሐፊ አርተር ኮናን ዶይል ዘንድ ደረሱ። ይህ ሰው የሙታንን መናፍስት ማነጋገር ይቻላል የሚል እምነት የያዘ፥ ልጁንም በ1918 በሞት ያጣ ነበረ። የማይታየውን ዓለም ምልክት እየፈለገ ሳለ የልጆቹ ፎቶግራፍ በእጁ ገባ፤ አመነም። በ1920 በታወቀ መጽሔት አሳተመው፤ በ1922 መጽሐፍ ጻፈበት። ለልጆቹም ካሜራ ተሰጥቷቸው ሦስት ፎቶግራፎች ጨመሩ። ዶይል በ1930 እስኪሞት ድረስ ማንም እውነቱን አልነገረውም። በመጨረሻ በ1983፥ ሁለቱም አሮጊቶች ሆነው፥ ከ66 ዓመት በኋላ በወረቀትና በመርፌ እንደ ሠሩት ተናዘዙ። ኤልሲ እንዳስረዳችው፥ እንደዚያ ያለ ታላቅ ሰው ካመናቸው በኋላ እውነቱን መናገር አሳፍሯቸው ነበር። ፍራንሲስ ግን አምስተኛው ፎቶግራፍ እውነተኛ ነው ማለትን እስከ ሞተችበት እስከ 1986 ድረስ አልተወችም።

እንግዲህ በደሉ የገባው በየትኛው ሰዓት ነው? ኤልሲ ሥዕሉን በሣለች ጊዜ አይደለም፤ በመርፌ ባቆመችም ጊዜ አይደለም። ያላወቀ ሰው አምኖ በጠየቀና እነርሱ ዝም ባሉ ጊዜ ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጨዋታው ምስክርነት ሆነ፤ ምስክርነቱም ሐሰት ነበረ። ነገር ግን ሸክሙን ሁሉ በልጆቹ ላይ መጫን አይገባም። በዙሪያቸው የነበሩ ዐዋቂዎች ካሜራ ሰጧቸው፥ መጽሔት አሳተሙላቸው፤ «ልጆቼ፥ ቀልድ ከሆነ ንገሩኝ፥ አልቈጣም» ብሎ የመመለሻ በር የከፈተላቸው ግን አልተገኘም። አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚሉት ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ቀን በሣቅ ሊያልቅ የሚችለው ነገር በሚቀጥለው ወር እፍረት፥ ከዓመታት በኋላም የሕይወት ሸክም ይሆናል። እውነትና ንጋት እያደር እንደሚጠራ የታወቀ ነው፤ ለእነዚህ ሁለት ሴቶች ግን ንጋቱ የመጣው በእርጅናቸው ማታ ነበረ።

ይህ የሩቅ አገርና የቀድሞ ዘመን ታሪክ ነው የሚል ቢኖር፥ የቅርቡን እነሆ። በ2005 ቶማስ ፔሻክ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ያነሣው አንድ ፎቶግራፍ በመጽሔት ታተመ፤ በደቡብ አፍሪካ ባሕር ላይ በትንሽ ጀልባ የሚቀዝፍን ተመራማሪ አንድ ትልቅ ሻርክ ከኋላ ሲከተለው ያሳያል። ፎቶግራፉ እውነተኛ ነው። በ2011 አይሪን የተባለው ዐውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን በመታ ጊዜ፥ አንድ ሰው ያንን ሻርክ ቈርጦ በጎርፍ በተጥለቀለቀ መንገድ ላይ ከመኪና አጠገብ እንደሚዋኝ አድርጎ ሠራው። በ2017 በአሜሪካ የሂዩስተን ከተማ በጎርፍ በተጨነቀች ጊዜም ያው ሻርክ እንደ አዲስ ወሬ ተመልሶ ወጣ። ሠሪው ምናልባት ሊያስቅ ፈልጎ ይሆናል፤ ነገር ግን በጎርፍ ቀን ሰው በየትኛው መንገድ ልሽሽ ብሎ ሲጨነቅ፥ የሐሰት ፎቶግራፍ የእውነተኛውን ወሬ ስፍራ ይወስዳል። ዛሬ ደግሞ ቈርጦ መቀጠል እንኳ አያሻም፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መሣሪያ በቃል የነገሩትን በአንድ አፍታ ሥሎ ያቀርባል። በዚህ ጊዜ ጎን ለጎን አድርጎ የሚያሳዩት የመጀመሪያ ፎቶግራፍ ስለሌለ፥ የሠሪው የራሱ ታማኝ ቃል ብቻ ይቀራል።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናገር። ባለፈው ዓመት ለተማሪዎቼ ይህን የውድድር ጨዋታ አዘጋጅቼ ነበር። የሰጠኋቸው ፎቶግራፍ በዛፍ ላይ ተሰቅሎ እንደ ደወል የምንመታው የመኪና ቸርኬ ነበረ። አንዲት ተማሪ ቸርኬውን ከጣና ሐይቅ ላይ የምትወጣ ጨረቃ አደረገችው፤ ሌላው በአንድ ግዙፍ ሰው ጣት ላይ ቀለበት አድርጎ አጠለቀው፤ ሦስተኛው በላዩ እንጀራ ጋገረበት። ክፍሉ በደስታ ተሞላ። በሦስተኛው ሳምንት ግን አንድ ብልህ ተማሪ በራሱ ፈቃድ የክፍል ጓደኛውን በበዓል ቀን የተነሣውን ፎቶግራፍ ወስዶ፥ በቤተ ክርስቲያን በር ከተቀመጡት ምጽዋት ጠያቂዎች መካከል እጁን ዘርግቶ አስቀመጠው። የጥላው አወዳደቅ፥ የልብሱ እጥፋት፥ የአቧራው ቀለም አንድም እንከን አልነበረበትም። እውነቱን ለመናገር የሥራውን ጥራት አይቼ እኔ መምህሩ ሳቅሁ፤ ክፍሉም ተከትሎኝ ሳቀ። ልጁም አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ፤ እኔም ፈገግታው ፈቃድ መሰለኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ ማለዳ የልጁ እናት በትምህርት ቤቱ በር ቆመው ጠበቁኝ። «የኔታ፥ ልጄ ከትምህርት ቤት እየቀረ ይለምናል ወይ?» አሉኝ። ጎረቤታቸው ያንን ፎቶግራፍ በስልክ አሳይታቸው ነበር። እኒህ ሴት እንጀራ ጋግረው በመሸጥ የሚያሳድጉት አንድ ልጅ ነው። «ጦሙን ያደረ ቢሆን ነው፥ ለምን አልነገረኝም እያልሁ ሳለቅስ አነጋሁ፤ እንዳላሳፍረው ብዬም እርሱን አልጠየቅሁትም» አሉ። ምን እንደምመልስ አጣሁ። ፎቶግራፉ ከክፍላችን ሲወጣ «ይህ ጨዋታ ነው» የሚለው ቃል አብሮት አልወጣም፤ በእኒህ እናት ዐይን ፊት የቆመው ምስክር ብቻ ነበረ።

በዚያው ቀን ሠሪውን ተማሪ ከአባቱ ጋር ይዤ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ልጁ ሁለቱን ፎቶግራፎች፥ የመጀመሪያውንና የሠራውን፥ ጎን ለጎን አድርጎ አሳያቸው፤ ጉልበታቸውንም ስሞ ይቅርታ ለመነ። እኔም ከእርሱ ቀጥዬ «እኅቴ፥ ይቅር ይበሉኝ፤ መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ» አልኋቸው። የበዓሉን ቀን ፎቶግራፍ ለረጅም ጊዜ ተመልክተው «ይህስ የኔው ልጅ ነው» አሉ፤ ቡናም አፈሉልን። ይቅርታውን በእውነት ሰጥተውናል። ነገር ግን ጎረቤቲቱ ያንን ፎቶግራፍ ለስንት ሰው እንዳሳየች፥ ከእነርሱም ስንቱ እስከ ዛሬ እንዳመነ ነው፥ ልንሰበስበው አልቻልንም።

ከዚህ በኋላ በክፍሌ አራት ነገሮችን ሥርዐት አድርጌአለሁ፤ ለየቤታችሁም ይበጃሉ ብዬ አቀርባቸዋለሁ። አንደኛ፥ የተለወጠው ፎቶግራፍ ከመጀመሪያው ጋር ጎን ለጎን ሆኖ በአንድ ወረቀት ላይ ይሁን፤ አንዱ ያለ ሌላው ለማንም አይላክ። ሁለተኛ፥ የሰው ፊት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይነካ፤ ፈቃዱም በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻ ይጠየቅ፥ በጓደኞች መካከል «እንቢ» ማለት ያስቸግራልና። የድኃው፥ የታመመውና የሞተው ሰው ፊት፥ ይልቁንም የቅዱሳን ሥዕል ከጨዋታ ውጭ ይሁን፤ በፊቱ የምንጸልይበት ሥዕል የሣቅ መሣሪያ ሊሆን አይገባውም። ሦስተኛ፥ በጦርነት፥ በጎርፍ፥ በወረርሽኝ ጊዜ በዚያ ነገር ላይ አይቀለድ። አራተኛ፥ አንድ ሰው እንኳ አምኖ ከተገኘ በዚያው ቀን እውነቱ ይነገረው። ወላጅም ልጁ መጥቶ በነገረው ጊዜ ቍጣውን ያዘግይ፤ ቍጣን የፈራ ልጅ እንደ ኤልሲና እንደ ፍራንሲስ ዝም ይላልና።

እንግዲህ ጥያቄውን ላቀረቡልኝ እናት የምመልሰው ይህ ነው። ልጅዎ በሬውን በጨረቃ ላይ ማቆሙ ሐሰት አይደለም፤ ባለቅኔ ሰሙን ከወርቁ እንደሚያገጣጥም ያለ የእጅና የዐሳብ ሥራ ነው። በሐሰት እንዳንመሰክር የታዘዝነው በባልንጀራችን ላይ ነውና፥ የሚጠብቁት ይህንን ይሁን፤ የሠራውን የሚያይ ሰው ሁሉ ጨዋታ መሆኑን ያውቅ እንደ ሆነ፥ በጨዋታውም ማንም እንዳያለቅስ። ደግሞም ብቻውን አይተዉት። እሑድ ማታ ቤተሰቡ ሁሉ ይሰብሰብ፤ አንድ ፎቶግራፍ ይመረጥ፤ እርስዎም ወደ ምን እንደሚለወጥ ዐሳብ ይስጡ፤ አያቱም ጀበናቸው የባቡር ጭስ መውጫ ሲሆን አይተው ማን እንደ በለጠ ይፍረዱ። እናት የምታየው ጨዋታ ከቤት ሲወጣም ሥርዐቱን ይዞ ይወጣል።

ዐይናችንን ከማታለልም ከመታለልም አምላካችን ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።